ሚዛኑ መንደር እስኪደርስ

አዲስ አበባ ላይ የሕፃናት ሥነ ምግብ ክፍል የሚባል ተቋም በስዊድን መንግሥት እርዳታ የተቋቋመው በ1962 ነበር። (ዓመታቱን የምጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ ሕዝቡ በዓመታቸው የሚጠራቸውን ሁለቱን ድርቆች ግን እንደ ሕዝቡ እጠራቸዋለሁ።) በዚያ ዘመን ምግብ አጥተው ሆስፒታል የሚደርሱ ሕፃናት ሁለት ዓይነት መልክ ነበራቸው። አንዱ ሥጋው አልቆ ቆዳው አጥንቱ ላይ የቀረ፣ በሁለት ዓመቱ የሽማግሌ ፊት ያወጣ ነው። ሌላው እግሩና ፊቱ ያበጠ፣ ፀጉሩ የሳሳ፣ ለማያውቅ ሰው የወፈረ የሚመስል ነው። ሐኪሞቹ ሁለቱንም ያውቋቸዋል። ወተት ሰጥተው፣ ኢንፌክሽኑን አክመው፣ የተረፈውን ልጅ ወደ ቤቱ ይሸኙታል። ልጁ የሚመለሰውም መጀመሪያ ወደታመመበት ቤት ነው።

ክፍሉ ከጥቂት ዓመታት በኋላ አድጎ የኢትዮጵያ ሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት ሆነ። ከሥራዎቹ ሁሉ በሕዝብ አፍ የቀረው ፋፋ ነው፤ ከእህል፣ ከጥራጥሬና ቅባቱ ከወጣለት የወተት ዱቄት ተመጥኖ፣ ቫይታሚን ተጨምሮበት የሚዘጋጅ የሕፃናት ምግብ። የከተማ እናቶች ወደዱት፤ በፋፋ ያደጉ ልጆች ዛሬ የልጅ ልጅ አይተዋል። ይሁን እንጂ ፋፋ በገንዘብ የሚገዛ የሱቅ ዕቃ ነበር። ሱቁ የግማሽ ቀን መንገድ በሆነበት አገር፣ ጥሬ ገንዘብ እህል ሲሸጥ ብቻ በሚታይበት ቤት ሊገባ አልቻለም። የጎንደሩ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ከ1954 ጀምሮ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን በቡድን እያሰለጠነ ወደ ጤና ጣቢያዎች መላክ ጀምሮ ነበር። ሐሳቡ ከዘመኑ የቀደመ ነበር፤ የሰው ቁጥር ግን ከአገሩ ስፋት ጋር አልተመጣጠነም።

ይህን ታሪክ ደጋግሜ ሳስበው የርቀት ታሪክ ሆኖ ይታየኛል። ለተጎዳው ልጅ የሚሆነው እውቀት ከመጀመሪያው ነበረ። ጥያቄው እውቀቱ ከልጁ ጎጆ ምን ያህል ይርቃል የሚለው ነው። ከዚያ በኋላ ባሉት ስድሳ ዓመታት የታየው መሻሻል በብዛት የመጣው ያ መንገድ ባጠረ ቁጥር ነው። የመጨረሻዋን ቁራሽ መንገድ፣ ከቀበሌው ጤና ኬላ እስከ ልጁ ደጃፍ ያለችውን፣ ያሳጠሩት ደግሞ ደመወዝ የሌላቸው የመንደር ሴቶች ናቸው።

የስልሳ ስድስቱ ረሃብ የርቀቱን መጠን በአደባባይ አሳየ። የወሎ ገበሬ በሬውን ሸጦ፣ የዘር እህሉን በልቶ፣ ልጆቹን ይዞ ወደ አውራ ጎዳናው ሲወርድ ነው ረሃቡ ለባለሥልጣን ዓይን የታየው። በዚያን ጊዜ የብዙዎቹ ልጆች ነገር አልቆ ነበር። የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ፊልሙን በጥቅምት 1973 ለዓለም ሲያሳይ፣ ዓለም ያየው ወራት ሙሉ በየጎጆው ሲካሄድ የቆየውን ነገር መጨረሻ ነው። የልጆችን ክብደት በየወሩ የሚመዘግብ ሥርዓት በየመንደሩ አልነበረም። ቢኖር ኖሮ የወሎ ሕፃናት መክሳት መንገድ ላይ ከመታየቱ ከብዙ ወራት በፊት በወረቀት ላይ በታየ ነበር።

አብዮቱ መጣ። በ1978 አልማ አታ ላይ የተሰበሰቡት መንግሥታት መሠረታዊ ጤና አገልግሎት ከሕዝቡ መካከል መነሳት አለበት ሲሉ ደርግም ሐሳቡን ተቀበለ። ገበሬ ማኅበራት ከየመካከላቸው ሰው እየመረጡ ላኩ፤ የኅብረተሰብ ጤና ወኪሎች ተባሉ። የልምድ አዋላጆችም ሠለጠኑ። በወረቀት ላይ ያማረ ነበር። ወኪሉን ይደጉማል የተባለው ገበሬ ማኅበሩ ነው፤ ማኅበሩ ግን ለራሱም አልበቃው። የመድኃኒት ሣጥኑ አንዴ ባዶ ከሆነ የሚሞላው የለም፤ መጥቶ ሥራውን የሚያይለት፣ ስህተቱን የሚያርምለት ባለሙያም የለም። የእርስ በርስ ጦርነቱም በአንድ ወገን አለ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ አብዛኞቹ ወደ እርሻቸው ተመለሱ። ወኪሎቹ በአብዛኛው ወንዶች መሆናቸውም ትልቅ ጉዳይ ነበር። ሕፃኑ የሚጠባው፣ የሚበላው፣ የሚታመመው ጎረቤት ወንድ በነፃነት በማይገባበት ጓዳ ውስጥ ነው።

በእነዚያው ዓመታት ኢትዮጵያ ውስጥ ብዙም ያልተሰማ አንድ ነገር ታንዛኒያ ውስጥ ተጀመረ። በደቡቡ ኢሪንጋ ክልል፣ በ168 መንደሮች፣ የመንደር ጤና ሠራተኞች ሕፃናትን በየጊዜው እየመዘኑ ውጤቱን ለመንደሩ ምክር ቤት ማቅረብ ጀመሩ። ምክር ቤቱ ተቀምጦ ይወያያል፤ ስንት ልጆች ከመስመሩ በታች ወደቁ? ለምን? እኛ በእጃችን ባለው ምን ማድረግ እንችላለን? ብዙ ጊዜ መልሱ እህል አልነበረም። እናቲቱ ከንጋት እስከ ምሽት እርሻ ላይ ስለምትውል ልጁ በቀን ሁለት ጊዜ ብቻ ይበላል፤ ስለዚህ የሕፃናት ማዋያ አቋቋሙ። መመዘን፣ ምክንያቱን መመርመር፣ እርምጃ መውሰድ፣ እንደገና መመዘን። ከ1984 እስከ 1988 ባሉት አራት ዓመታት ክብደታቸው ዝቅተኛ የሆነ ሕፃናት ከ56 በመቶ ወደ 38 በመቶ፣ እጅግ የተጎዱት ደግሞ ከ6.3 ወደ 1.8 በመቶ ወረዱ። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት ድርጅት በኋላ ለዓለም ሁሉ ያቀረበው የምግብ እጥረት መንስኤዎች ማብራሪያ ከዚህ ልምድ የተወለደ ነው። የኢሪንጋ አካሄድ ኢትዮጵያ ለመድረስ ግን ሃያ ዓመት ያህል ፈጀበት።

እኛ በ1984 ሌላ ነገር ላይ ነበርን። ኢሪንጋ ሚዛኑን ሲሰቅል ኮረም ሜዳ ላይ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በብርድ ተኮራምተው ነበር። የሰባ ሰባቱን ድርቅ የሚያስታውስ ሰው ሁሉ ጋዜጠኛው ማይክል በርክና የካሜራ ባለሙያው ሞሐመድ አሚን ለዓለም ያሳዩትን ምስል ያስታውሳል። ጤና ሠራተኞቹ የሚያስታውሱት ግን ሌላም አለ። ሺዎች በአንድ ቦታ ሲሰበሰቡ ኩፍኝና ተቅማጥ አብረው ይሰበሰባሉ። ምግብ ፍለጋ የመጣ ልጅ በጣቢያው ውስጥ በበሽታ ይሞታል። እርዳታው አንድ ቦታ ቆሞ ልጁን ወደ ራሱ ሲጠራ፣ ጥሪው ራሱ የሚገድልበት ጊዜ አለ። ከዚህ ትምህርት የተወሰደው በጣም ዘግይቶ ነው።

ደርግ ከወደቀ በኋላ በትግራይ የተደረገ አንድ ሥራ መንገዱን ጠቆመ። ከየመንደሩ የተመረጡ እናቶች ሠልጥነው፣ ጎረቤቶቻቸው የልጅ ትኩሳት እንዴት እንደሚታወቅና የወባ ክኒን በቤት እንዴት እንደሚሰጥ እንዲያስተምሩ ተደረገ። ገብረየሱስ ኪዳነ እና ሪቻርድ ሞሮው በ2000 ላንሴት መጽሔት ላይ ባወጡት ጥናት፣ ይህ በተደረገባቸው ቀበሌዎች ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ሞት በ40 በመቶ ቀንሷል። ጥናቱ ስለ ወባ እንጂ ስለ ምግብ አልነበረም። ያረጋገጠው ነገር ግን ሰፊ ነው፤ ማንበብ የማትችል እናት ከጎረቤቷ ተምራ የልጇን ሕይወት ታድናለች።

በዚያው ዓመት ረሃብ ተመለሰ፤ በጎዴ፣ በወላይታ፣ በሐድያ። ጎዴ ላይ አብዛኞቹ ሰዎች የሞቱት ዋናው እርዳታ ከመድረሱ በፊት እንደነበር በኋላ ተጠንቷል። እጅግ የተጎዳ ሕፃን የሚታከምበት ደንብ እስከዚያ ድረስ አንድ ብቻ ነበር። ልጁ ከእናቱ ጋር ወደ ሕክምና ምግብ ጣቢያ ይገባል፤ በየሦስት ሰዓቱ የሚለካ ልዩ ወተት እየጠጣ ሦስትና አራት ሳምንት ይቆያል። ሕክምናው ጥሩ ነው፤ በሥርዓት ሲሰጥ ብዙ ነፍስ አትርፏል። እናቲቱ ግን ቤት ውስጥ ሌሎች ሦስት ልጆች ትታለች። እርሻው አረም ይጠብቃል። አንዱን ለማዳን ሦስቱን መተው ስለማይሆንላት፣ ብዙዋ እናት ወይ አትመጣም፣ ወይ የምትመጣው ልጁ ሊያልቅ ሲል ነው፣ ወይ በሳምንቷ ጠፍታ ትሄዳለች። በጤና መዝገቡ ላይ «አቋረጠች» ተብሎ ይጻፋል። ይህን ቃል ባየሁ ቁጥር የሚከፋኝ ነገር አለ፤ የተቋረጠው የእናቲቱ ፍቅር የሆነ ይመስላልና።

ይህን እስር የፈታው አንድ ትንሽ እሽግ ነው። ፈረንሳዊው ሐኪም አንድሬ ብሪያን እና የምግብ መሐንዲሱ ሚሼል ሌስካን በ1996 ዓለም በኋላ ፕላምፒ ነት ብሎ ያወቀውን ምግብ ሠሩ። የተፈጨ ለውዝ፣ የወተት ዱቄት፣ ስኳር፣ ዘይት፣ ቫይታሚንና ማዕድን ነው። አንዱ እሽግ 92 ግራም ሆኖ 500 ኪሎ ካሎሪ ይይዛል። ውኃ አይጨመርበትም፤ ስለዚህ የቆሸሸ ውኃ አብሮ አይገባም። እሳት አይፈልግም፤ ማቀዝቀዣ አይፈልግም። ልጁ ከእሽጉ ራሱ እየመጠጠ ይበላዋል። ወተቱ ነርስ ያስፈልገው ነበር፤ ይህ ግን እናት ይበቃዋል።

በሐድያ ዞን በደዋቾ ወረዳ፣ ከ2000 መጨረሻ ጀምሮ፣ ስቲቭ ኮሊንስ እና ኬት ሳድለር የመዘገቡት ሥራ የተደረገው በዚህ ምግብ ነው። እጅግ የተጎዱ 170 ልጆች አልጋ ሳይዙ፣ እናቶቻቸው ከቤት እየተመላለሱ፣ ምግቡንና መድኃኒቱን እየወሰዱ ታከሙ። 85 በመቶ ዳኑ፤ 4 በመቶ ሞቱ፤ ያቋረጡት 5 በመቶ ብቻ ነበሩ። ውጤቱ በ2002 ሲታተም ብዙ ሐኪሞች ተጠራጠሩ። እጅግ የተጎዳን ልጅ ያለ ሐኪም ዓይን ወደ ቤት መላክ ኃላፊነት የጎደለው ነው ያሉ ነበሩ፤ ስጋታቸውም ከንቱ አልነበረም። ኢንፌክሽን የያዘው ወይም መብላት ያቃተው ልጅ ዛሬም ሆስፒታል መግባት አለበት። ቢሆንም ከተጎዱት አብዛኞቹ የምግብ ፍላጎታቸው ያልጠፋ ነው፤ እነርሱ በቤታቸው ይድናሉ። ደቡብ ወሎና ሲዳማ በ2003 ይህንኑ በሰፊው ሠሩበት። በ2007 የዓለም ጤና ድርጅትና ሌሎች የተባበሩት መንግሥታት ተቋማት በጋራ መግለጫ ተቀበሉት። ያ የበደዋቾ ሥራ በዓለም ላይ የተጎዱ ሕፃናት የሚታከሙበትን መንገድ ከለወጡት ጥቂት ጅምሮች አንዱ ነው። ይህን አገራችን ውስጥ የሚያውቀው ሰው ቁጥር ማነሱ ያሳዝነኛል።

አዲሱ መንገድ ግን አንድ ጥያቄ አመጣ። ልጁ ሆስፒታል ካልመጣ ማን ያገኘዋል? በየሠፈሩ ዞሮ ክንድ የሚለካ ሰው ያስፈልጋል። የክንድ መለኪያው ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ ቀለም ያለው ጥብጣብ ነው፤ በልጁ ግራ ክንድ ላይ፣ በትከሻና በክርን መካከል ይጠመጠማል። ከዚያ የሁለቱንም እግር ጀርባ በአውራ ጣት ጫን ብሎ መልቀቅ ነው፤ ጎድጉዶ ከቀረ እብጠት አለ ማለት ነው። ይህን ለመማር ዲግሪ አያስፈልግም። በሥራው እንደታየው ደግሞ ከሁሉ የተሻሉት ጠሪዎች ልጃቸው የዳነላቸው እናቶች ነበሩ። «የኔውን አላየሽም ወይ እንዴት እንደነበር?» ስትል ጎረቤቷ የምታምናት እርሷን ነው።

በ2003 መንግሥት የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምን ጀመረ። አሥረኛ ክፍል የጨረሱ ወጣት ሴቶች ለአንድ ዓመት ሠልጥነው፣ በመንግሥት ደመወዝ፣ ሁለት ሁለት ሆነው በየቀበሌው ጤና ኬላ ተመደቡ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ30 ሺህ በላይ ሆኑ። በኢትዮጵያ ጤና ታሪክ ከዚህ የሚስተካከል እርምጃ አላውቅም። ይሁን እንጂ አንድ ቀበሌ 5 ሺህ ያህል ሰው ነበረው፤ ሠራተኞቹ ሁለት ነበሩ፤ የሥራ ዘርፎቻቸው ደግሞ አሥራ ስድስት፤ ክትባት፣ መጸዳጃ ቤት፣ ወባ፣ የቤተሰብ ምጣኔ፣ ሌላም ሌላም። ሁለት ልጃገረዶች ተራራ እየወጡ ሺህ ቤት በየወሩ ሊያዳርሱ አይችሉም ነበር። ከ2004 ጀምሮ በዓመት ሁለት ጊዜ ቫይታሚን ኤ የሚሰጥበትና ክንድ የሚለካበት ዘመቻ ተጀመረ። ልጅ ግን ስድስት ወር አይጠብቅም።

ስለዚህ በ2008 የማኅበረሰብ አቀፍ ሥነ ምግብ ፕሮግራም በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በደቡብና በትግራይ ሲጀመር ሚዛኑ ለበጎ ፈቃደኞች ተሰጠ። ኢሪንጋ በመጨረሻ ደረሰች። በጎ ፈቃደኛዋ በአካባቢዋ ያሉትን ሠላሳ እስከ ሃምሳ ቤት ትይዛለች። ሚዛኑ ከዛፍ ቅርንጫፍ ወይም ከቤት ማገር ላይ ይሰቀላል፤ ሕፃኑ የጨርቅ መያዣው ውስጥ ይገባል፤ ያለቅሳል፤ ክብደቱ ይነበባል፤ በካርዱ ላይ ነጥብ ይደረግና ካለፈው ወር ነጥብ ጋር በመስመር ይያያዛል። የሚመዘኑት ሁለት ዓመት ያልሞላቸው ናቸው፤ መቀንጨር በዋናነት የሚጀምረውና የሚያልቀው በዚያ ዕድሜ ነውና።

የዚያ መስመር ጥቅም ቶሎ አይገባም። የከሳ ልጅ ለማንም ይታያል። የቀነጨረ ልጅ ግን አይታይም፤ የጎረቤቱም ልጅ እንደርሱ አጭር ነውና «ዘራችን ነው» ይባላል። መስመሩ ጠፍጣፋ ሲሆን ብቻ ነው ነገሩ የሚገለጠው። ልጅቱ ባለፈው ወር 7 ኪሎ ነበረች፣ ዛሬም 7 ኪሎ ነች። ትስቃለች፣ ትጫወታለች፤ አላደገችም ግን። በጎ ፈቃደኛዋ እናቲቱን ትጠይቃለች፤ አሟት ነበር ወይ? ተቅማጥ ይዟት ነበር? ስንቴ ትበላለች? ምን ትበላለች? አባትዋ ከብቱን ሸጠ እንዴ? ባለሙያ ከወረዳ መጥቶ ይህን ቢጠይቅ መልሱ «ሁሉም ደኅና ነው» ነው። ጎረቤት ስትጠይቅ ግን ማን ቤት ወተት እንዳለ፣ ማን ቤት ባል እንደሚጠጣ ሁለቱም ያውቃሉ።

ምክሩም በጓዳ ውስጥ ያለውን ነገር የሚነካ ነበር። በብዙ አካባቢ እንገሩ ቆሻሻ ነው ተብሎ ታልቦ ይፈሳል፤ ለተወለደው ሕፃን ቅቤ ይቀመሳል። ስድስት ወር ሳይሞላው ውኃና የአብሽ ውኃ ይጀምራል፤ ስድስት ወር ሲሞላው ደግሞ የሚሰጠው ቀጭን አጥሚት ነው። ሆድ ይሞላል፣ ሰውነት አይገነባም። ከማንኪያ የማይፈስ ገንፎ አብስሉለት፤ ከሦስት እጅ እህል ጋር አንድ እጅ ባቄላ ወይም ሽምብራ ቀይጣችሁ አስፈጩ፤ ጎመኑን አድቃችሁ፣ ዘይት ወይም ቅቤ ጠብ አድርጉበት፤ እንቁላሉን ሁሉ ገበያ አታውጡት። የገንፎ ሠርቶ ማሳያ የሚደረገው እያንዳንዷ እናት ከቤቷ የምታመጣውን አዋጥታ ነው፤ አንዷ ዱቄት፣ አንዷ ካሮት፣ አንዷ እንጨት። ገንፎው ሲበስል ልጆቹ እዚያው ይበሉታል፤ እናቲቱ ልጇ ወፍራሙን ገንፎ እንደሚውጥ በዓይኗ ታያለች።

በኦርቶዶክስ ክርስቲያኖች አካባቢ ከባዱ የጾም ጉዳይ ነበር። ሕፃን እንደማይጾም ሁሉም ያውቃል። እናቲቱ ግን በጾም ወራት የልጁን እንቁላልና ወተት የምታበስልበት የተለየ ድስት የላትም፤ ድስቱ ከተነካካ የቤተሰቡ ጾም ተበላሸ ብላ ትፈራለች። ይህን ፍርሃት ጤና ሠራተኛ በክርክር አያሸንፈውም። ካህናቱ ራሳቸው ከቤተ ክርስቲያን ደጅ «ሕፃናትን አብሉ» ሲሉ ግን ነገሩ ቀለለ። በዓመት ከመቶ ሰማንያ ቀን በላይ በሚጾምበት አገር ይህ ትንሽ ጉዳይ አይደለም።

ፕሮግራሙ ገና ሳይጠና በዚያው በ2008 የበልግ ዝናብ ቀረ። ደቡቡ አረንጓዴ ሆኖ ሳለ ልጆች አበጡ፤ እንሰቱ ቆሟል፣ የሚበላ ግን የለም። ጥቂት ሆስፒታሎች ሁሉን ማስተናገድ አልቻሉም። ያኔ ነው መንግሥት ሕክምናውን እስከ ጤና ኬላ ለማውረድ የወሰነው። ውሳኔው ድፍረት ነበረው፤ አንድ ዓመት የሠለጠነች ወጣት፣ ከመንደሩ በጎ ፈቃደኞች ጋር፣ እጅግ የተጎዱ ሕፃናትን እንድታክም ተፈቀደላት። በጎ ፈቃደኛዋ ክንድ ለክታ ትልካለች፣ ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ መርምራ በየሳምንቱ ፕላምፒ ነት ትሰጣለች፣ የጠፋውን ልጅ በጎ ፈቃደኛዋ ቤቱ ሄዳ ትፈልጋለች። በሦስትና አራት ዓመት ውስጥ ይህን ሕክምና የሚሰጡ ጤና ኬላዎች በሺዎች የሚቆጠሩ ሆኑ፤ ከታካሚዎቹ ከ80 በመቶ በላይ ዳኑ። ምግቡም አዲስ አበባ አጠገብ ለገጣፎ ላይ መመረት ጀምሮ ነበር። በ2011 የአፍሪካ ቀንድ ድርቅ ሲመጣ ይህ ሁሉ በቦታው ነበር። የሰባ ሰባቱ ዓይነት ጣቢያ በኢትዮጵያውያን ገበሬዎች መካከል አልታየም።

የሴቶች ልማት ሠራዊት የሚባለው አደረጃጀት የተዘረጋው በዚሁ ሰሞን ነው። ሠላሳ ያህል ቤተሰብ አንድ ቡድን፣ በቡድኑ ውስጥ አንድ ለአምስት። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሴቶች ተሳተፉበት። ቀደም ሲል በጥንቃቄ ሠልጥነው የነበሩት በጎ ፈቃደኞች በብዙ ቦታ በዚህ ተተኩ። በእኔ እምነት እዚህ ላይ አንድ ነገር ተገኘ፣ አንድ ነገር ጠፋ። የተገኘው ስፋት ነው። የጠፋው ደግሞ ጥልቀት ነው፤ ሚዛን ማንበብና መስመሩን መተርጎም የምትችል ሴት በሳምንት ሥልጠና አትገኝም። አደረጃጀቱ ከፖለቲካው ጋር መቀራረቡም በአንዳንድ ቦታ ጎረቤት ጎረቤቷን በሙሉ ልብ እንዳታምን አድርጓል።

ክፍያ የለም የሚለው ጉዳይ ከሁሉም ይከብዳል። አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት ኬነዝ ሜስ ከ2007 ጀምሮ መጀመሪያ አዲስ አበባ ውስጥ በኤች አይ ቪ ሕሙማን ተንከባካቢዎች ላይ፣ በኋላም በአማራ ገጠር ባሉ የልማት ሠራዊት ሴቶች ላይ ጥናት አድርጓል። ያገኘው ልብ ይነካል። ስለ ሌላው ሰው ምግብ የሚጨነቁት በጎ ፈቃደኞች ብዙዎቹ ራሳቸው በቂ የሚበሉት አልነበራቸውም። በ2008 የእህል ዋጋ ሲንር፣ ተንከባካቢዎቹ ራሳቸው ተርበው ወደ ሕሙማኑ ቤት ይሄዱ ነበር። ባለሥልጣናቱ ይህን ሥራ በመንፈሳዊ እርካታና በእናትነት ፍቅር ሲያሞግሱት እሰማለሁ። እርካታው እውነት ነው፤ ሴቶቹም ይናገሩታል። ነገር ግን ከሚኒስቴሩ እስከ ጤና ኬላው ድረስ ሁሉም ደመወዝ እየተከፈለው፣ ሰንሰለቱ ከሁሉ ድሃ የሆነችው ሴት ጋ ሲደርስ ብቻ ሥራው በጎ ፈቃድ የሚሆንበት ምክንያት የለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 ባወጣው መመሪያ የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኞች ለሥራቸው ተመጣጣኝ ክፍያ ያግኙ ብሏል። ልክ ነው።

ከዚህ ሁሉ ምን ተገኘ? በ2000 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ የኢትዮጵያ ሕፃናት 58 በመቶው ቀንጭረው ነበር። በ2005 51፣ በ2011 44፣ በ2016 38 በመቶ ሆነ። አምስተኛ ዓመታቸውን ሳይደፍኑ የሚሞቱት በ2000 ከሺህ 166 ነበሩ፤ በ2016 67። ይህን ሁሉ ለመንደር ሴቶች ብቻ መስጠት እውነቱን ማዛባት ነው። በ2005 የተጀመረው ሴፍቲኔት አለ፤ የእህሉ ምርት መጨመር፣ የሴት ልጆች ትምህርት፣ የመጸዳጃ ቤቱ መስፋፋት አለ። ያልተነካም አለ። በዚያው በ2016 ከስድስት ወር እስከ ሁለት ዓመት ካሉት ሕፃናት ዝቅተኛውን የአመጋገብ መስፈርት ያሟሉት 7 በመቶ ብቻ ነበሩ። ወፍራም ገንፎ መምከር ቀላል ነው፤ እንቁላልና ወተት የሚገዛ ገንዘብ ግን ከምክር አይመጣም። በ2013 የወጣው የረሃብ ዋጋ ጥናት አገሪቱ በሕፃናት የምግብ እጥረት ምክንያት በዓመት የአጠቃላይ ምርቷን 16.5 በመቶ እንደምታጣ አስልቷል። በሐምሌ 2015 መንግሥት የሰቆጣ ቃል ኪዳንን አወጀ፤ ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር እስከ 2030 ለማጥፋት። ስሙ የተወሰደው ከዋግ ኽምራዋ ከተማ ነው፤ የሰባ ሰባቱ ድርቅ ክንዱን ካሳረፈባቸው አገሮች አንዱ።

ከዚያ ጦርነት መጣ። ድንበር የለሽ ሐኪሞች በ2021 መጀመሪያ ትግራይ ውስጥ ካያቸው 106 የጤና ተቋማት 70 በመቶ የሚጠጉት ተዘርፈው ነበር፤ በደንብ ይሠሩ የነበሩት 13 በመቶ ብቻ ናቸው። ጦርነቱ ወደ አማራና አፋር ሲዛመት ጤና ኬላዎች በዚያም ፈረሱ፤ ሚዛኖቹ፣ መዝገቦቹ፣ የፕላምፒ ነት ካርቶኖቹ ተወሰዱ። ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ለወራት ያለ ደመወዝ ቆዩ። ለሃያ ዓመት ሲያጥር የነበረው መንገድ በጥቂት ወራት እንደገና ረዘመ። በ2023 የተደረገው አገር አቀፍ ጥናት መቀንጨርን 39 በመቶ፣ መቀጨጭን (ከልክ ያለፈ መክሳትን) 11 በመቶ አድርጎ መዘገበው። ሲወርድ የቆየው የመቀንጨር መስመር ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጥ ብሎ ሽቅብ ዘንበል አለ።

በሚያዝያ 2025 የዓለም የምግብ ፕሮግራም ገንዘብ በማለቁ በኢትዮጵያ የ650 ሺህ እናቶችና ሕፃናትን የምግብ እጥረት ሕክምና እንደሚያቆም አስታወቀ። እነዚህ በአብዛኛው በጥብጣቡ ላይ ቢጫው ላይ የሚወድቁት ናቸው፤ ገና ያልደረሰባቸው፣ ትንሽ ቢረዱ የሚመለሱ። ጥብጣቡ ዛሬም በየመንደሩ አለ፤ መለካቱንም የሚያውቁ ሴቶች አሉ። ቢጫ የሆነውን ልጅ እናት ግን ሕክምናው በቆመበት ወረዳ የሚልኩበት ቦታ የለም፤ ስለዚህ ጥራጥሬ ቀይጣ እንድታስፈጭ፣ ገንፎውን እንድታወፍር ይነግሯትና በአሥራ አምስት ቀን እንድትመለስ ይቀጥሯታል።